«ሕግ ልምረጥ?» ላለች የጎንደር ፍሬሽማን ተማሪ

ጥያቄው፦ «ማኅበራዊ ሳይንስ ነኝ፤ ዘንድሮ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ነኝ፤ ቤተሰቦቼ አዘዞ ናቸው። ሕግ ልምረጥ ስል ሁሉም ‹ሽምደዳ ነው፣ አምስት ዓመት ይፈጃል፣ ሥራ የለውም› ይሉኛል። አንቀጽ በቃል መያዝ ግድ ነው? እንዴት ነው የሚጠናው? ተመርቄስ ዳኛ ወይም ጠበቃ ለመሆን ምን ይፈለግብኛል? ደግሞ ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከነገሩሽ ውስጥ አምስት ዓመቱ እውነት ነው፤ የቀረው ግማሽ እውነት ነው። መሸምደድ በየትምህርቱ አለ፣ ሕግም ላይ አለ። የሕግ ተማሪን የሚጥለው ግን የማስታወስ ድክመት አይደለም፤ የተሰጠውን ታሪክ ከአንቀጹ ጋር ማገናኘት አለመቻሉ ነው። «የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1678 ምን ይላል?» ቢባል ክፍሉ በሙሉ እጁን ያወጣል። «እነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ውል አለ ወይስ የለም?» ሲባል ነው ክፍሉ ዝም የሚለው። ስለዚህ ራስሽን መጠየቅ ያለብሽ «ጥሩ ሸምዳጅ ነኝ ወይ?» ብለሽ አይደለም። አንድ ገጽ ደረቅ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ሳትሰለቺ አንብበሽ፣ በሦስተኛው ጊዜ መጀመሪያ ያላየሽውን «ወይም» እና «ካልሆነ በቀር» የምታዪ ከሆነ ሕግ ይሆንሻል።

ስለ ምደባው ባጭሩ። ዲፓርትመንት የምትመርጪው ከፍሬሽማን ኮርሶች በኋላ ነው። የምትመደቢው በውጤትሽ፣ በምርጫሽና በትምህርት ክፍሉ የቅበላ አቅም ነው፤ ሕግ ደግሞ ብዙ ፈላጊ ካላቸው የማኅበራዊ ሳይንስ መስኮች አንዱ ነው። የማመዛዘኛ ነጥቡን ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ በማስታወቂያ ያወጣል፤ ከሲኒየሮች የሰማሽው ቀመር የአምና ሊሆን ስለሚችል የዘንድሮውን ራስሽ አንብቢ። ከፍሬሽማን ኮርሶች ውስጥ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግን ለውጤት ብቻ ብለሽ አትለፊው። መነሻ ሐሳብ፣ መደምደሚያና የተሳሳተ ሙግት የሚሉት ነገሮች በኋላ የፍርድ ቤት ውሳኔ ስትተቺ ተመልሰው ይመጣሉ። ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽም እንደዚያው ነው፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ብዙ ልጆች የሚሰናከሉት ሕጉ ከብዷቸው ሳይሆን የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር አንድ አንቀጽ ሙሉ ስለሚረዝምባቸው ነው።

ሕግ ከገባሽ በኋላ ኮርሶቹ በሁለት ዓይነት ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ታሪክና ሐሳብ ናቸው፤ የሕግ መግቢያ፣ የሕግ ታሪክ፣ ጁሪስፕሩደንስ (የሕግ ፍልስፍና)። የሕግ ታሪክ ላይ ፍትሐ ነገሥትን፣ የ1923ን ሕገ መንግሥትና የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ከዚያም በ1950ዎቹ አካባቢ የወጡትን ኮዶች (አንድን የሕግ ዘርፍ ባንድ ላይ የያዙ የሕግ መጻሕፍት) ትማሪያለሽ። (ጎንደር ስላለሽ ፍትሐ ነገሥት ለአንቺ የመጽሐፍ ስም ብቻ መሆን የለበትም። በትርጓሜ ቤት አንድምታውን የሚያውቁ መምህራን በአካባቢሽ አሉ፤ የኮርሱን ንባብ ከጨረስሽ በኋላ አንድ ቀን ጠይቂያቸው።) ሌሎቹ ደግሞ በኮድ የሚሠሩ ናቸው፤ የሰዎች ሕግ፣ ቤተሰብ፣ ውርስ፣ ንብረት፣ ውል፣ ከውል ውጭ ኃላፊነት፣ ወንጀል፣ ሁለቱ ሥነ ሥርዓቶች፣ የንግድ ሕጉ፣ ሠራተኛና አሠሪ፣ ግብር፣ አስተዳደር። ውጤት የሚሠራውም የሚበላሸውም እነዚህ ላይ ነው። በተለይ ውል ላይ የተንገዳገደች ተማሪ በሽያጭ፣ በዋስትና፣ በኢንሹራንስና በባንክ ኮርሶች ሁሉ ትንገዳገዳለች፤ ምክንያቱም ልዩ ውሎቹ ሁሉ የተሠሩት በጠቅላላው የውል ክፍል ላይ ነው፤ ቁጥር 1676ን አንብቢው።

እንዴት ነው የሚጠናው ላልሽው፣ በአንድ ጉዳይ ላሳይሽ፤ ከምክር ዝርዝር ይሻላል።

አዘዞ ያለ ቤት ነው እንበል። ሻጭና ገዢ በ2,000,000 ብር ተስማምተው ውሉን በወረቀት ጻፉ፤ ሁለቱም ፈረሙ፣ ሁለት ምስክሮችም ፈረሙበት። ገዢው 1,500,000 ብር ከፍሎ ቁልፍ ተረከበ። ፍርድ ቤት ወይም ውል የማዋዋል ሥልጣን ያለው አካል ዘንድ ግን አልሄዱም። ከስምንት ወር በኋላ የቤት ዋጋ ሲንር ሻጩ «ውል የለንም፤ ቤቴን ይልቀቅ» ብሎ ከሰሰ። የፈተናው ጥያቄ «ተከራካሪዎቹን አማክሪ» ይላል።

ደካማው መልስ አንድ መስመር ነው፦ «ውሉ ስላልተመዘገበ በቁጥር 1723 መሠረት ፈራሽ ነው።» ድምዳሜው ምናልባት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነጥቡ ግን አይገኝም፤ መምህሩ ያየው ድምዳሜውን እንጂ መንገዱን አይደለምና።

ጥሩዋ ተማሪ መጀመሪያ የተሸጠው ምንድን ነው ትላለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ስለዚህ የውሉ ጉዳይ ሕንፃውና ከሱ ጋር የተያያዘው የይዞታ መብት ነው። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋ ታልፋለች። ቀጥላ ቁጥር 1678ን ታወጣና የተዋዋዮቹ ችሎታና ፈቃድ፣ የውሉም ጉዳይ ክርክር እንዳልተነሳባቸው፣ ክርክሩ ያለው ፎርሙ፣ ማለትም ውሉ የተደረገበት አኳኋን፣ ላይ ብቻ እንደሆነ ትናገራለች። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ክርክር የሌለበትን ነገር ለይቶ ማስቀመጥ ፍርድ ቤት ጭብጥ (ተከራካሪዎቹ የማይስማሙበትን፣ መወሰን ያለበትን ጥያቄ) ሲይዝ የሚሠራው ሥራ ራሱ ነው።

ከዚያ ወደ ፎርሙ። ቁጥር 1719 መርሁን ያስቀምጣል፦ ሕግ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር ተዋዋዮች በፈለጉት መንገድ ይዋዋላሉ። ቁጥር 1720(1) የታዘዘው ፎርም ካልተጠበቀ ያለው ውል ሳይሆን ረቂቅ ነው ይላል። ቁጥር 1727 በጽሑፍ የሚደረግ ውል የተዋዋዮቹ ፊርማና ሁለት ምስክሮች እንዲኖሩት ይጠይቃል፤ እዚህ ጉዳይ ላይ ይህ ተሟልቷል። ቁጥር 1723 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም አዋዋይ ዘንድ መመዝገብ አለበት ይላል። እዚህ ላይ የሚቆሙት ብዙዎች ናቸው።

ጥያቄው የሚጣፍጠው ግን ከዚህ በኋላ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭን ለብቻው የሚገዛው ክፍል፣ ቁጥር 2877፣ የሚጠይቀው ጽሑፍን ብቻ ነው። ቁጥር 2878 ደግሞ ስለ ምዝገባ ያነሣል፤ ነገር ግን ሽያጩ በሦስተኛ ወገኖች ላይ ውጤት እንዲኖረው ነው። የገዢው ጠበቃ «ልዩ ድንጋጌ ጠቅላላውን ይቀድማል፤ ሽያጭ በ2877 ይገዛል፤ በእኛ መካከል ጽሑፍ በቂ ነው» ይላል። የሻጩ ጠበቃ «2877 ስለ ጽሑፉ ሲናገር ስለ ምዝገባው ዝም አለ እንጂ 1723ን አልሻረም፤ በ2878 ያለው መዝገብ የባለቤትነት መዝገብ ነው፤ የ1723ቱ ደግሞ የውሉ ማረጋገጫ ነው፤ ሁለቱ አይጋጩም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ሙግት የሚያዋጣ ነው። መልስሽ ላይ ሁለቱንም ካላየሁ፣ አንዱን መርጠሽ ብትጽፊም፣ ግማሹን ነው ያነበብሽው።

ቀጣዩ ደረጃ ሰበር ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች ተሰይመው የሚሰጡት የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤትን ያስገድዳል፤ ይህ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መጣ፣ አሁን አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ውስጥ አለ። በ1723 ላይ ሰበር ከአንድ ጊዜ በላይ ተናግሯል። ስለዚህ ውሳኔዎቹን አውጥተሽ፣ ፍሬ ነገሩን ከያዝሽው ጉዳይ ጋር ታመሳስያለሽ፦ ሻጩ ውሉን አምኗል ወይስ ክዷል? ቤቱ ተላልፏል? ክርክሩ በሁለቱ መካከል ነው ወይስ ሦስተኛ ገዢ አለ?

አንድ ወጥመድ ልንገርሽ። ተማሪዎች እዚህ ላይ «ሻጩ ቅን ልቦና የለውም» ብለው ቁጥር 1732ን ይጠቅሳሉ። 1732 ውል እንዴት እንደሚተረጎም የሚናገር ድንጋጌ ነው። የምንከራከረው ውል መኖር አለመኖሩን ከሆነ፣ የሌለ ውል በቅን ልቦና አይተረጎምም። አንቀጽ መብዛቱ መልስን አያከብድም፤ ያለ ቦታው የገባ አንቀጽ ያላወቅሽውን ያጋልጣል።

በመጨረሻ መፍትሔው። ውሉ ከሌለ 1,500,000 ብሩ ወዴት ይሄዳል? አንዷ ቁጥር 1815ን ጠቅሳ «ወደ ነበሩበት ይመለሱ» ትላለች፤ ያ ግን የፈረሰ ውል ሲኖር ነው። በ1720 መሠረት ጭራሽ ውል አልተመሠረተም ካልሽ ወደ ያላግባብ መበልፀግ፣ ቁጥር 2162ና ያለ ዕዳ ስለተከፈለ ገንዘብ ወደሚናገረው ቁጥር 2164 መሄዱ ይበልጥ ይገጥማል። በሌላ በኩል ቁጥር 1808(2) በታዘዘው ፎርም ያልተደረገ ውልን ይፍረስ ብሎ መጠየቅ ስለሚችል ሰው ስለሚናገር፣ ኮዱ ራሱ በሁለቱ አነጋገር መካከል ይዋልላል። ይህን ጠቁመሽ «በየትኛውም መንገድ ገንዘቡ ይመለሳል፤ ገዢው ግን ቤቱን ይለቅቃል» ብትዪ፣ ወይም በተቃራኒው ለገዢው ተከራክረሽ ቀሪው 500,000 ብር ይከፈል ብትዪ፣ ሙሉ መልስ ሰጥተሻል።

መምህራን አይራክ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ጭብጥ፣ ሕጉ፣ ማገናዘብ፣ መደምደሚያ። ከአራቱ የሚዘነጋው ሦስተኛው ነው። ብዙ ተማሪ አንቀጹን ሙሉውን ገልብጦ ወዲያው «ስለዚህ» ይላል። ከአንቀጹና ከ«ስለዚህ» መካከል ያለው ቦታ ላይ ነው ነጥቡ ያለው። በሦስት ሰዓት ፈተና አራት ጥያቄ ቢመጣ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ታሪኩን ለማንበብና ቀን፣ ገንዘብና ዕድሜ የሚጠቅሱትን ቃላት ለማስመር ተጠቀሚባቸው። ፈታኝ ዝም ብሎ ቀን አይጽፍም። ቀን ካለ ይርጋን (መብት በክስ የሚጠየቅበትን የጊዜ ገደብ) አስቢ፤ በውል ላይ ልዩ ድንጋጌ ከሌለ 10 ዓመት ነው፣ ቁጥር 1845፤ ከውል ውጭ ኃላፊነት ላይ 2 ዓመት ነው፣ ቁጥር 2143። ዕድሜ ካለ ችሎታን አስቢ።

አሁን በቃል መያዝ ወዳልሽው ልመለስ። በብዙ ኮርሶች ፈተና ላይ ኮድ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ የሚወስነው መምህሩ ነው። ሲፈቀድ ኮዱ ንጹሕ መሆን አለበት። በዳር ማስታወሻ የጻፍሽበት ኮድ በር ላይ ሊወሰድብሽ ይችላል፤ ስለዚህ አንድ ለማጥናት፣ አንድ ለፈተና ይኑርሽ። በቃል መያዝ ያለብሽ ቃሉን ሳይሆን ቦታውን ነው፦ ውል ከ1675 ይጀምራል፣ ከውል ውጭ ኃላፊነት ከ2027፣ በውል ጉዳይ ማስረጃ ከ2001 እስከ 2026። በዚህ አገር ራሱን የቻለ አንድ የማስረጃ ሕግ ስለሌለ፣ የማስረጃ ድንጋጌዎች በየኮዱ ተበታትነው ነው ያሉት፤ ለዚህም ነው ማስረጃ የሚባለው ኮርስ ሃንዳውት ብቻ ይዞ ለሚያጠና የሚከብደው።

ሃንዳውትን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። የሲኒየሮች ሃንዳውት ከኮፒ ቤት ቢገዛ ርካሽ ነው፣ አጭር ነው፣ እና ብዙ ጊዜ የተሻረ ሕግ ይዟል። ከ1952ቱ የንግድ ሕግ ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ የሚናገሩት ክፍሎች በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክተዋል፤ ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ ባንክና ስለሚተላለፉ የገንዘብ ሰነዶች የሚናገሩት ግን አሁንም ይሠራሉ። ሁለቱን ካልለየሽ ወይ የሞተ አንቀጽ ትጠቅሻለሽ ወይ ሕያውን ትጥያለሽ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ 377/1996 የሚል ሃንዳውት ካገኘሽ አስቀምጪው። የወንጀል ሕጉ በ1996 የወጣው ነው፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የሚሠራው እሱ ነው። ቤተሰብ ላይ ደግሞ የጎንደር ተማሪዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት ነገር አለ። ክፍል ውስጥ ብዙ የሚጠቀሰው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ማራኪ ግቢን ለቀሽ ከተማው ውስጥ ባለ ፍርድ ቤት የፍቺ ክስ ብታዪ ግን የሚሠራበት የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። የገጠር መሬትም የክልሉ አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው። የክልሉ ሕጎች የሚታተሙት ዝክረ ሕግ በሚባለው የክልሉ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ስትፈልጊያቸው ብትውዪ አታገኚያቸውም።

ቋንቋውን ችላ አትበዪ። የምትማሪው በእንግሊዝኛ ነው፤ የምትሠሪው በአማርኛ ነው። የፌዴራል ሕግ ሁለቱ ቅጂዎች ሲለያዩ የመጨረሻው ሥልጣን የአማርኛው ነው፤ አዋጅ ቁጥር 3/1987 እንደዚያ ይላል። የፍትሐ ብሔሩ ኮድ መጀመሪያ በፈረንሳይኛ የተረቀቀ ስለሆነ ልዩነቶቹ ጥቂት አይደሉም። ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ደብተርሽን በሦስት ዓምድ ከፍለሽ የእንግሊዝኛውን ቃል፣ የአማርኛውን ቃልና አንቀጹን ጻፊ፤ በሳምንት ሃያ ቃል ይበቃል። ይህን ያልሠሩ ተመራቂዎች የመጀመሪያ የክስ አቤቱታቸውን ሲጽፉ ያስታውቃሉ፦ «ተጠሪ»ና «መልስ ሰጭ»ን ያምታታሉ፣ ብይን የሚባለውን ፍርድ ይሉታል፣ ትእዛዙን ውሳኔ። ዳኛው ይረዳቸዋል፤ ባለጉዳዩ ግን ክፍያው ላይ ይጠራጠራል።

የሰበር ውሳኔ አነባበብ ለብቻው መባል አለበት። ውሳኔዎቹ በቅጽ ታትመዋል፤ ከ20 ቅጽ በላይ ናቸው፤ በስልክ ይገኛሉ። ከቅጹ ፊት ያለው ማውጫ የእያንዳንዱን ውሳኔ ፍሬ ሐሳብ በሁለት መስመር ያስቀምጣል፤ ተማሪው ሁለቱን መስመር ይገለብጣል። ችግሩ ማውጫው ብዙ ጊዜ ከውሳኔው ይሰፋል። ውሳኔው «በዚህ ፍሬ ነገር ላይ» ያለውን ማውጫው «በሁሉም» ያስመስለዋል። ስለዚህ ከታች ጀምሪ፦ ውሳኔ የሚለውን ክፍል አንብቢ፣ ከዚያ ወደ ላይ ተመልሰሽ ችሎቱ የያዘውን ጭብጥ ፈልጊ፣ ከዚያ የሥር ፍርድ ቤቶችን ታሪክ። አስገዳጅ የሚሆነው ጭብጡን ለመመለስ ያስፈለገው ትርጉም ነው፤ በመንገድ ላይ የተባለው ሁሉ አይደለም። ቀኑንም ጻፊ፤ ሰበር የራሱን ትርጉም ሊለውጥ ይችላልና።

ወንጀል ላይ ብዙ አልቆይም፤ ዘዴው ያው ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23 የሚጠይቃቸውን ሦስቱን፣ ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች፣ በቅደም ተከተል እለፊባቸው። በድንበር ጠብ አንዱ ሌላውን በዱላ መትቶ ቢገድለው ወዲያው 539 አትበዪ። 539 ከባድ የግፍ አገዳደል ነው፤ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት የሚያስቀጣ። 540 ተራው ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። 541 ሁኔታው የሚያቀልለት ነው፤ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት። 543 በቸልተኝነት የተፈጸመ ነው። መካከላቸው ያለው ልዩነት የሟቹ መሞት አይደለም፤ የገዳዩ አሳብና ሁኔታው ነው። ዱላው ከየት መጣ፣ ስንት ጊዜ መታ፣ የት ላይ መታ፣ ማን ጀመረ? መከላከል ከተነሣ 78ን፣ ከልክ ካለፈ 79ን።

ፍርድ ቤት መሄድን ግን አራተኛ ዓመት ላይ የሚጀመር ነገር አታድርጊው። የምትማሪበት ከተማ የወረዳም የከፍተኛም ፍርድ ቤት ያለበት ነው፤ ችሎት በመርሁ ለሕዝብ ክፍት ነው። መታወቂያሽን ያዢ፣ ስልክሽን ዝጊ፣ ጠዋት ቀድመሽ ገብተሽ ከኋላ ተቀመጪ። በዝግ የሚታይ ጉዳይ ካለ ትወጫለሽ፤ ቅር አይበልሽ። ሁሉንም ለመጻፍ አትሞክሪ። በአንድ ቀን አንድ ጉዳይ መርጠሽ ሦስት ነገር ብቻ መዝግቢ፦ ተከሳሹ ያነሣው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ቁጥር 244)፣ ፍርድ ቤቱ የያዘው ጭብጥ (246 እና ተከታዮቹ)፣ ለየትኛው ጭብጥ የትኛው ምስክር እንደተሰማ። ቤት ስትገቢ ኮዱን ክፈቺ። ሥነ ሥርዓት የሚባለው ኮርስ ደረቅ ነው የሚሉት ችሎት ሳያዩ የተማሩት ናቸው። ክረምት ላይ ፍርድ ቤቶች ለእረፍት ስለሚዘጉና ተረኛ ችሎት ብቻ ስለሚቀር በሴሚስተሩ ውስጥ ሂጂ። ሌላም የምታስተውዪው አለ፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛውን፣ የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃውን ሥልጣን ደርበው ይሠራሉ። ስለዚህ ጎንደር ላይ አንድ ችሎት ጠዋት የክልል፣ ከሰዓት የፌዴራል ጉዳይ ሊያይ ይችላል፤ ይግባኙ የት እንደሚሄድ የሚወሰነውም በዚሁ ነው።

በኋለኞቹ ዓመታት ክሊኒክ (ለባለጉዳይ ነፃ የሕግ ድጋፍ እየሰጡ መማር)፣ ሙት ኮርት (የልምምድ ችሎት)፣ ኤክስተርንሺፕ (መሥሪያ ቤት ወጥቶ መለማመድ)ና የመመረቂያ ጽሑፍ ይመጣሉ። ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ላይ የመሥራት ዕድል ካገኘሽ እንዳያመልጥሽ። እዚያ የምትማሪው ዋናው ነገር ማዳመጥ ነው፤ ባለጉዳይ ታሪኩን ከአያቱ ጀምሮ ያወራል፣ አንቺ ከውስጡ የክስ ምክንያቱን ትለቅሚያለሽ። ሰውየው የሚጠይቀው «ፍርድ» ነው፤ አንቺ «ምን ዓይነት ዳኝነት?» ብለሽ ለይተሽ ካልጻፍሽ አቤቱታው ከፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ቁጥር 222 ጋር አይገጥምም። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሰፍቶ ነው የሚበላሸው። «የሴቶች መብት በኢትዮጵያ» ብሎ የጀመረ ሰው መጨረሻው ከኢንተርኔት መገልበጥ ነው። «በጎንደር ከተማ ፍርድ ቤቶች የልጅ ቀለብ ውሳኔ አፈጻጸም» ብትዪ መዝገብ ማየት ትችያለሽ። ለዚያ ከሕግ ትምህርት ቤቱ የትብብር ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ፈቃድም ቀን ይወስዳል፤ ደብዳቤውን ፕሮፖዛሉ እንደጸደቀ አስገቢ።

የመውጫ ፈተና ለሕግ ተማሪ አዲስ አይደለም፤ ሕግ ከ2003 ጀምሮ ሲፈተን የቆየ ነው፤ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ሁሉም መስክ ገብቶበታል። ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው፤ ኮድ ይዘሽ አትገቢም። እዚህ ላይ ነው የተወሰነ ሽምደዳ የሚያስፈልገው፤ የይርጋ ጊዜዎች፣ የይግባኝ ቀኖች (በፍትሐ ብሔር 60 ቀን፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 323)፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት መቅረቡ፣ የምርመራ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አለመብለጡ። እነዚህን በትንሽ ካርድ ከአሁኑ ብትሰበስቢ አምስተኛ ዓመት ላይ ቀላል ይሆናል።

ሥራውስ? «የለም» የሚሉሽ ዳኛና ጠበቃ ብቻ ስለሚያዩ ነው። ዲግሪው በራሱ ሁለቱንም አያደርግሽም። የክልል ዳኛ የሚሾመው በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቅራቢነት በክልሉ ምክር ቤት ነው፤ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ፈተና አለ፣ የቅድመ ሥራ ሥልጠና አለ። ዐቃቤ ሕግነትም ፈተናና ሥልጠና አለው፤ ለአዲስ ተመራቂ ግን በሩ ከዳኝነት ይሰፋል። ጥብቅና የተለየ ፈቃድ ይፈልጋል፦ የሥራ ልምድ፣ የፈቃድ ፈተና፣ ምዝገባ። ለፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው የሚገዛው፤ በእሱም ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው መሥራት ተፈቅዶላቸዋል። ለክልል ፍርድ ቤት የክልሉ ፈቃድ አለ፤ ጎንደር ላይ ልትቆሚ ከሆነ መጀመሪያ የሚያስፈልግሽ ይህኛው ነው። ፈቃዱ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ባዶ አይደለም፤ በባንክ፣ በኢንሹራንስ፣ በማዘጋጃ ቤት፣ በገቢዎች፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ነገረ ፈጅና የሕግ ባለሙያ ይቀጠራል፤ ውል መርምሮ አስተያየት መጻፍ የሚለመደውም እዚያ ነው። ተመርቆ ያለ ሥራ የሚቀመጥ የለም አልልሽም። ግን አማርኛው የተስተካከለ አቤቱታ በአንድ ቀን የሚጽፍና ሃንዳውት ይዞ የተመረቀ እኩል አይቀመጡም።

መናገር ያስፈራኛል ላልሽው፣ የድሮው በላ ልበልሃ ዓይነት ሙግት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ቀርቷል። ዛሬ የፍትሐ ብሔር ክርክር ትልቁ ክፍል በጽሑፍ ነው፤ ክስ፣ መከላከያ፣ የማስረጃ ዝርዝር፣ ይግባኝ። ችሎት ላይ የሚነገረው አጭር ነው፣ ብዙ ጊዜም በዳኛው ጥያቄ የተወሰነ ነው። ሙት ኮርት ላይ የመጀመሪያውን ዙር በጽሑፍ ዝግጅት ክፍሉ ግቢ፣ በሁለተኛው ቁሚ። ስትቆሚም ጽሑፍሽን አታንብቢ፤ በአንድ ካርድ ላይ ሦስት አንቀጽ ቁጥርና ሦስት ጥያቄ ብቻ ይዘሽ ውጪ፤ ዳኛው ካቋረጠሽ መጀመሪያ ጥያቄውን መልሺና ወደ ካርዱ ተመለሽ።